የወጋም አይረሳም

ሮም ውስጥ አራት ሳምንት የተኛሁበት አልጋ የሰው አልጋ ነው። ባለቤቲቱን እትዬ እላቸዋለሁ። የዓሊቴና ተወላጅ ናቸው፤ ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ ካቶሊክ። አንዲት የአልጋ ቁራኛ የሆኑ ጣሊያናዊት አሮጊት እዚያው በአሮጊቷ ቤት እያደሩ ይጦራሉ። የሮም ሐበሻ ይህን ሥራ በአገሬው ቃል «ባዳንቴ» ይለዋል፤ ዕረፍቱም ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው። ለነዚያ ጥቂት ሰዓታት ብለው ከሦስት ሴቶች ጋር ሁለት ክፍል ተከራይተዋል። አልጋቸው አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን ስለሚያድር፣ ለሥልጠና ስመጣ ለእኔ ሰጡኝ። ኪራይ ልክፈል ብላቸው ተቆጡ። ያስከፈሉኝ በእግሬ ነው። ባረፉ ቁጥር ይዘውኝ ይወጣሉ፤ የሚወስዱኝም ሌላው እንግዳ ፎቶ ወደሚነሣበት አይደለም።

የመጀመሪያው ሐሙስ ላተራን ሄድን። ከቅዱስ ዮሐንስ ባዚሊካ አጠገብ «ቅዱስ ደረጃ» የሚሉት አለ፤ 28 የእብነ በረድ ደረጃዎች ናቸው። ጌታ ጲላጦስ ፊት ሲቀርብ የረገጣቸው ናቸው፣ ከኢየሩሳሌም ያስመጣቻቸውም ንግሥት እሌኒ ናት ይላል ትውፊቱ። በደመራ ጢስ መስቀሉን ያገኘችው የእኛዋ እሌኒ መሆኗ ነው። እብነ በረዱ በእንጨት ተሸፍኗል፤ በጉልበት እንጂ በእግር አይወጣም። እትዬ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸው። አንዱን ደረጃ ይወጡና ቆም ይላሉ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ደግሞ ሌላውን ይይዛሉ። እኔ በጎን ባለው ተራ ደረጃ ወጥቼ ከላይ ጠበቅኋቸው።

ሲደርሱ «ምን ያለ ኃጢአት ቢሆን ነው ይህን ያህል ያስቀጣዎት?» ብዬ ቀለድኩ።

«ኃጢአቱንማ ተናዝዤ ጨርሻለሁ» አሉኝ ላባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ይሄ የሰበርኩትን የምጠግንበት ነው።»

ያኔ አልገባኝም፤ የቃላት ጨዋታ መሰለኝ።

እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ። እኛ ንስሐን የምናውቃት በሰው ነው። የንስሐ አባት የቤተሰብ ሰው ናቸው፤ ቤት መጥተው ጠበል ይረጫሉ፣ ቡና ይጠጣሉ፣ የአባታችንን ጠባይ እንኳ ያውቃሉ። ጾሙንም ስግደቱንም የሚያዙልን የሚያውቁትን ጉልበት መዝነው ነው። መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን ምሥጢሬን ከሰሙ በኋላ ለፋሲካ ወጥ ሳቀርብላቸው ዓይናቸውን ማየት ስንት ጊዜ እንደቸገረኝ እኔ ነኝ የማውቀው። በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ግን ሰው የሚናዘዘው ለማያውቀው ካህን ነው። መናዘዣዎቹ የእንጨት ሳጥን የሚመስሉ ናቸው፤ በየበራቸው ላይ ኑዛዜ የሚሰማባቸው ቋንቋዎች ተጽፈዋል። እዚያ ተቀምጠው የሚሰሙት ከ1774 ጀምሮ ኮንቬንቱዋል የሚባሉት የፍራንቸስኮ መነኮሳት ናቸው። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ቀኖቼም ዓመቶቼም የፈረንጅ ናቸው።) ሳጥኑ ራሱ የጥንት አይደለም፤ በ16ኛው መቶ ዓመት የሚላኖው ሊቀ ጳጳስ ካርሎ ቦሮሜዎ በካህኑና በተናዛዡ መካከል መጋረጃ የሚሆን ወንፊት እንዲቆም ካዘዙ ወዲህ የተስፋፋ ነው። ግዴታው ግን ይቀድመዋል። ማንኛውም ለአቅመ አእምሮ የደረሰ ካቶሊክ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ እንዲናዘዝ የተወሰነው በ1215፣ እዚያው እትዬ ጉልበታቸውን በጎዱበት በላተራን፣ በተደረገው ጉባኤ ነው።

ከተናዛዡ ሦስት ነገር ይፈለጋል፤ ጸጸት፣ ኑዛዜ፣ ካሣ። ከካህኑ ደግሞ ፍትሐት። በእኛ ጆሮ ፍትሐት ሲባል ቶሎ የሚታወሰን ሬሳ ነው። እዚህ በሕይወት ላለ ሰው ይደረግና ሰውዬው ተነሥቶ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። የሰማውን ያወጣ ካህን ከቤተ ክርስቲያን ይለያል፤ በፍርድ ቤት ፊት እንኳ እንዲናገር ሕጋቸው አይፈቅድለትም።

አንድ ቀን ከሥልጠና መልስ ብቻዬን ቅዱስ ጴጥሮስ ሄጄ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ከሳጥኑ የሚወጡትን ሰዎች ሳይ ቆየሁ። ፊታቸው በርቶ ይወጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አንዱ ወጥቶ ስልኩን አየ። አንዲት ሴት የቦርሳዋን ዚፕ እየዘጋች ወጣች። አንድ ሽማግሌ ብቻ ወጥተው እኔ አጠገብ ተንበረከኩና ረጅም ጊዜ አልተነሡም። ካሣቸው ከባድ ይሁን እግራቸው እምቢ ብሏቸው እንጃ።

እዚያ ከተማ የሚማሩ አንድ አበሻ ካህን፣ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ምእመን በራሱ ፈቃድ ከጠየቀና ከተዘጋጀ የካቶሊክ ካህን ኑዛዜውን ሊሰማው እንደሚችል ነገሩኝ። የንስሐ አባቴ ሳያውቁ አላደርገውም ብዬ አመሰገንኳቸው። ምክንያቴ ግን እሱ ብቻ አልነበረም።

በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ላይ፣ ከዓምዶቹ ቅርብ፣ መሬት ውስጥ የተቀበረች ትንሽ እብነ በረድ አለች። ቀን ተጽፎባታል። ግንቦት 13 ቀን 1981 መሕመት ዓሊ አጃ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊን በሽጉጥ ያቆሰለው በዚያ አካባቢ ነው። ጳጳሱ በአራተኛው ቀን፣ ገና ሆስፒታል ተኝተው፣ በተቀዳ ድምፅ ለሕዝቡ ይቅር ማለታቸውን አስታወቁ። በታኅሣሥ 1983 ደግሞ ሬቢቢያ ወህኒ ቤት ገብተው ከሰውዬው ጋር ጉልበት ለጉልበት ተቀምጠው አወሩ። ፎቶግራፉን ያላየ የለም። የተባባሉትን ጳጳሱ በምሥጢር ያዙት። ብዙ ሰው ይህችን ታሪክ የሚተርካት በፎቶግራፉ ላይ እንዳለቀች አድርጎ ነው። እኔ ያችን ድንጋይ ረግጬ ቆሜ የማስበው ስለ ሌላው ወንበር ነበር። ይቅር የተባለው ሰው ምን ይዞ ወደ ክፍሉ ተመለሰ?

መልሱን የሚያውቁ ይመስል እትዬ ቀጣዩን እሑድ ኔቱኖ ወሰዱኝ።

ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ከምናምን ያስኬዳል። መጨረሻው ባሕር ነው። በባቡሩ መስኮት የሚታየው ሜዳ ዛሬ የተስተካከለ እርሻ ነው፤ የዛሬ መቶ ሃያ ዓመት ግን ወባ የነገሠበት ረግረግ ነበር። ጎሬቲ የሚባል አንድ ቤተሰብ ከሰሜን ምሥራቅ፣ ኮሪናልዶ ከምትባል ከተማ፣ ድህነት ገፍቶት ወደዚህ ወርዶ ለአንድ ባለ ርስት በእኩል ያርስ ጀመር። በ1900 አባትየውን ወባ ገደለው። እናትየዋ አሱንታ ልጆቿን ይዛ የባሏን ቦታ ተክታ እርሻ ወጣች፤ የቤቱ ሥራ ለትልቋ ሴት ልጅ ለማርያ ቀረ። በዚያው ቤት ሌላ ጭሰኛ ከልጁ ጋር ይኖር ነበር። የልጁ ስም አሌሳንድሮ ሴሬኔሊ ነው።

ሐምሌ 5 ቀን 1902 ሰው ሁሉ አውድማ ላይ ባቄላ ሲወቃ፣ ማርያ ሕፃኗን እኅቷን አጠገቧ አስተኝታ ደረጃው ጫፍ ላይ ልብስ ትጥፍ ነበር። የምትጥፈው የአሌሳንድሮን ሸሚዝ ነው። የ20 ዓመቱ ጎረምሳ ጎትቶ ወደ ውስጥ አስገባትና ሊደፍራት ሞከረ፤ እምቢ ስትለው በሾለ ብረት 14 ጊዜ ወጋት። 12 ዓመት አልሞላትም። በፈረስ ጋሪ ኔቱኖ ሆስፒታል አድርሰዋት ያለ ማደንዘዣ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ውኃ ውኃ ብትልም ቁስሏ አይፈቅድም ብለው ከለከሏት። በማግሥቱ ካህኑ ቅዱስ ቁርባን ከማቀበላቸው በፊት ገዳይዋን ይቅር ትለው እንደሆነ ጠየቋት። አዎ አለች፤ በሰማይም ከእኔ ጋር እንዲሆን እፈልጋለሁ ብላ ጨመረችበት ይባላል። በዚያው ዕለት ሞተች።

ማርያ ያረፈችበት ቤተ መቅደስ ባሕሩ ዳር ነው፤ የሕማማት ማኅበር መነኮሳት ይዘውታል፤ ቅዱስ ደረጃውን የሚጠብቁትም እነሱ ናቸው። ከታች ባለው ክፍል፣ በመስታወት ውስጥ፣ የተኛች ልጅ ምስል አለ፤ አፅሟ ያለው እዚያ ነው። ትንሽ ናት። ስለ ቅድስና ብዙ ሰምቼ አድጌአለሁ፤ ቅዱስ የሚባል ሰው በቁመቱ የሰፈር ልጅ የሚያክል ሲሆን ግን ያስደነግጣል።

እትዬ ያልወደዱልኝን ነገር እዚሁ ልናገር። ቤተ ክርስቲያናቸው ማርያን የምታከብራት ንጽሕናዋን ጠብቃ በመሞቷ፣ እንደ ሰማዕት ነው። እኔ ሴት ነኝ፤ «ከመደፈር ሞትን መረጠች» የሚል ስብከት በሰማሁ ቁጥር የማስበው በሕይወት ስለ ተረፉት ነው። እነሱስ ምን አጠፉ? ይህን ስላቸው ቅር አላቸውና ዝም አሉ። ከመቅደሱ ወጥተን ባሕሩ ዳር ስንደርስ ግን ራሳቸው አነሡት፤ «የተረፈችውም የእግዚአብሔር ናት። እኔ ወደዚች ልጅ የምመጣው ለእሱ ብዬ አይደለም። ለአሌሳንድሮ ብዬ ነው» አሉኝ።

አሌሳንድሮ ዕድሜው ስላልደረሰ ከዕድሜ ልክ ተርፎ 30 ዓመት ተፈረደበት። መጀመሪያ ላይ የሚጸጸት ሰው አልነበረም። ሲሲሊ፣ ኖቶ ወህኒ ቤት ሳለ የአካባቢው ጳጳስ ሊጠይቁት መጡ። ቆይቶም ሕልም አየ፤ ማርያ በአትክልት ስፍራ ነጫጭ አበቦች ትሰጠዋለች፣ እሱ ሲቀበላት እጁ ውስጥ እንደ እሳት ይነዳሉ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ሆነ ይላሉ። ሆኖም ንስሐው ከእስር አላስፈታውም። የወጣው በ1929፣ 27 ዓመት ታስሮ ነው።

እትዬ በቅዱስ ደረጃው ላይ ያሉኝ እዚህ ላይ ገባኝ። ካቶሊኮች ሁለቱን ይለዩአቸዋል፤ በደሉ ይፋቃል፣ የተሰበረው ግን ሲጠገን ይኖራል። ይቅርታ ማለት ዕዳው አልነበረም ማለት አይደለም።

ከእስር የወጣው ሰው ወዲያው ወደ እናትየዋ አልሮጠም። አምስት ዓመት አለፈ። በ1934 የገና ዋዜማ አሱንታ ኮሪናልዶ ተመልሳ በቆሞሱ ቤት ሠራተኛ ሆና ሳለች በሩን አንኳኳ። ያወቀችው እንደሆነ ጠየቃት፤ አወቀችው። ይቅርታ ለመናት። ልጄ ይቅር ካለችህ እኔ እንዴት እነፍግሃለሁ አለችው ይባላል። በገና ቅዳሴ ጎን ለጎን ቆርበዋል።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንላለን። ኔቱኖ ላይ ተረቱ ተገለበጠ። የተወጋችው በአንድ ቀን ተወችው፤ የወጋው ነው 32 ዓመት ሳይረሳ የኖረው። ይቅርታው በ1902 ተሰጥቶ አልቋል። ሄዶ እስኪወስደው ነው የቆየው። አገር ቤት ሰው ገድሎ የሚታረቅ ድንጋይ ተሸክሞ ሽማግሌ አስቀድሞ ሲመጣ አይቻለሁ፤ ልጅ ሳለሁ ድንጋዩ ውርደቱን ለማሳየት ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ባዶ እጁን ለመግባት ስለሚያቅተው ነው።

ጣሊያን አገር ስላየሁት ይቅርታ ስጽፍ አንድ ነገር ካልነካሁ ብዕሬ ይታዘበኛል። ያን ረግረግ በ1930ዎቹ ያደረቀው የሙሶሊኒ መንግሥት ነው። በዚያው አሥርት ዓመት፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባን በደም አጠባት፤ በግንቦት ደብረ ሊባኖስ ላይ መነኮሳቱን ረሸነ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ጃንሆይ አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝቡ ጣሊያኖችን እንዳይበቀል፣ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዘዙ፤ ሕዝቡም በአብዛኛው ሰማቸው። ደብረ ሊባኖስን ያስፈጀው ግራዚያኒ ኋላ አገሩ ላይ የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ነው፤ ስለ ደብረ ሊባኖስ ማንም ችሎት ፊት አላቆመውም። በ2012 አፊሌ በምትባል ከተማ መታሰቢያ ቆመለት። ይህንን ለእትዬ ስነግራቸው «እንግዲያ ያኛው ይቅርታ እስካሁን በራፍ ላይ ተቀምጧላ» አሉ። ከዚህ የተሻለ አባባል አላገኘሁም።

ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ደክሟቸው ተኙ። እኔ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እኅቴ ቤይሩት ዘጠኝ ዓመት በሰው ቤት ሠርታለች። ለኮንዶሚኒየም ቆጥቢልኝ ብላ በየወሩ የምትልከውን ብር ሱቅ ከፈትኩበት፤ አትርፌ እመልሰዋለሁ ብዬ። ሱቁ በሰባት ወሩ ከሰረ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ በስልክ ዋሸኋት፤ የሌለ የባንክ ደብተር ቁጥር ሁሉ እያነበብኩላት። መጥታ ስነግራት ቡና እየቆላች ነበር። መቁያውን አወረደች። ቆይታ መልሳ ጣደችው። «ትቼልሻለሁ፤ ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ» አለች፣ ቡናውንም ጠጣን። የዛሬ 11 ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን በነገር ነክታኝ አታውቅም። የልጇ ክርስትና ላይ ዘግይቼ ደርሼ ቀድሜ ወጣሁ። በዓል ሲመጣ ሥራ አለኝ እላለሁ። ሰው «እኅትሽ ተቀይማሽ ነው?» ሲለኝ ዝም እላለሁ፤ የተቀየመች መምሰሏ ለእኔ ይቀለኛል።

ይህን ለንስሐ አባቴ ነግሬአቸው አውቃለሁ። ጾም ሰጡኝ፣ ጾምኩ። «ካሣስ?» ብለውኝም ነበር። እየቆጠብኩ ነው አልኳቸው።

ተርሚኒ ስንደርስ እትዬን ቀስቅሼ፣ የአሮጊቷ ቤት የሚወስዳቸው አውቶቡስ ድረስ ሸኘኋቸው። የእሑድ ዕረፍታቸው ሊያበቃ ሃያ ደቂቃ ቀርቶት ነበር። እየሄዱ «ኮሪናልዶን አላሳየሁሽም፤ ሩቅ ሆኖብኝ ነው» አሉ። ኮሪናልዶ አድሪያቲክ ባሕር በኩል ነው። አሱንታ፣ ልጇ በሰኔ 1950 በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ቅድስት ተብላ ስትታወጅ በሕይወት ነበረች፤ ያረፈችው በ1954 ነው። አሌሳንድሮ በካፑቺን ገዳማት አትክልተኛና በረኛ ሆኖ ኖሮ በ1970 በ87 ዓመቱ ሞተ። የሁለቱም አፅም ዛሬ እዚያ፣ ኮሪናልዶ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው።

አገሬ ከገባሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። እኅቴ የምትኖረው ኮተቤ ነው፤ ከእኔ ቤት ሁለት ታክሲ ነው። ከኔቱኖ ያመጣሁላት ትንሽ ሥዕል ጠረጴዛዬ ላይ በወረቀት እንደተጠቀለለ አለ። እስካሁን አልሄድኩም።